ገጽ ዘጠኝ ላይ የቀረው ቃሬዛ

ሲስተር ሉባባ ይማም ትናንት ሕልም አየች፤ ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ያውም ሥራ ቦታ፣ ያውም እንግዳ እየጠበቀች። የቀን ሕልም ፍቺ የለውም የሚሉ አሉ። የዚህኛው ግን ፍቺው ራሱ ከነጭቃው በእግሩ ሲመጣ በዓይኔ ስላየሁ፣ እሷ እንደነገረችኝ አድርጌ ልንገራችሁ። እኔ የጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ነው የምሠራው፤ መስኮቴ ከመስኮቷ ፊት ለፊት ነው። ከራሴ የጨመርኩት ቢኖር ትንሽ ጨው ነው።

መጀመሪያ ሴትዮዋን እወቁልኝ። ሉባባ አዋላጅ ነርስ ናት። በጎሽ ሜዳ ጤና ጣቢያ ሃያ ሦስት ዓመት አዋልዳለች። የከተማችንን ወጣት ግማሹን ገና ሲወለድ መታ አድርጋ ያስለቀሰችው እሷ ናት፤ እስካሁንም መንገድ ላይ ስታገኛቸው አንዳንዶቹን መታ ታደርጋለች። ከስድስት ዓመት በፊት፣ ከጤና ጣቢያው አጥር ጎን፣ የመውለጃቸው ቀን የተቃረበ የሩቅ ቀበሌ ሴቶች ቀድመው መጥተው የሚጠብቁበት ማረፊያ ቤት አቆመች። ስድስት አልጋ፣ አንድ ምድጃ፣ አንድ የማያርፍ ሬዲዮ ያለው ቤት ነው። ቤቱን የሠራው የአገሩ ሰው ነው። የሴቶቹን ቀለብና የምታበስልላቸውን ሴት ደመወዝ የሚችለው ግን ባሕር ማዶ ያለ አንድ ረጂ ነበር። እሱ በመጪው ሰኔ አቆማለሁ ብሏል። ሌላ ካልተገኘ ሐምሌ ላይ፣ ጭልቃ ወንዝ ሞልቶ ሰውና ከብት በሚለይበት ወር፣ ቤቱ ይዘጋል። የሉባባ ጭንቀት ይኸው ነው፤ ሌላ ጭንቀት የላትም፤ ባልም አላስጨነቃት።

ከቤቱ በፊት የነበረው ቃሬዛ ነው። በኛ አገር ምጥ የያዛትን ሴት ከገጠር የሚያወርዳት የቃሬዛ ማኅበር ነው። አራት ሰው ይሸከማል፣ አርባ ሰው ይከተላል። የደከመው "ትከሻ" ብሎ ይጣራል፤ ያልደከመው ይገባል። መንገድ ላይ የተገኘም ቢሆን፣ መምህር ይሁን ነጋዴ፣ ሙሽራ ይሁን ፖሊስ፣ ቆሞ ማየት የለም፤ ትከሻውን ሳይሰጥ አያልፍም። ደንቡን የሚያስከብሩት ዳኛ እብሬ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ዳኛ ስል ፍርድ ቤት አይምሰላችሁ፤ የማኅበሩ አለቃ ነው እንዲህ የሚባለው። የሸካሚው ስምና ተራ የሚጻፍበት ደብተር ከብብታቸው ወጥቶ አያውቅም።

ለባሕር ማዶ ረጂዎች ማመልከቻ የሚጽፉት ደግሞ ጋሽ ገረመው ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር። የሰው ደግ ናቸው፤ ችግራቸው ነገር ማሳመር ይወዳሉ። አምስት ጊዜ ጻፉ፤ አምስቱም ጊዜ አልሆነም። መጀመሪያ ልምድ የላችሁም ተባሉ። ቀጥሎ ድረ ገጽ የላችሁም ተባሉ። በሦስተኛው ጋሽ ገረመው "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" የሚለውን ተረት ወደ እንግሊዝኛ መልሰው መግቢያው ላይ አስቀመጡት። መልሱ ሲመጣ "የሎሚ ልማቱ ከእናቶች ጤና ጋር ያለው ግንኙነት ግልጽ አይደለም" ይላል። አራተኛው መልስም አልመጣለት። በአምስተኛው ስለ ቃሬዛው እውነቱን ጻፉ፤ "እስካሁን በቃሬዛ የምትጓጓዙ ከሆነ ለውጥ አላሳያችሁም" ተባሉ።

ሉባባ በየጊዜው ደብዳቤውን ታነብና፣ አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ትከትና፣ "በሉ ጋሽ ገረመው፣ ወረቀት ያምጡ" ትላለች። ስድስተኛውን ጀመሩ። በዚህኛው ጋሽ ገረመው እልህ ያዛቸው። ገጽ ዘጠኝ ላይ "በቃሬዛ መጓጓዝ ሙሉ በሙሉ ቀርቷል" ብለው ጻፉ።

"ቀርቷል እንዴ?" አለች ሉባባ።

"ይቀራል እኮ ሲስተር። ገንዘቡ ሲመጣ ይቀራል። ትንሽ ቀደም አድርገን ጻፍነው እንጂ ምን አደረግን?"

ሉባባ ሆዷ አልተቀበለውም፤ ግን ሰኔ ቅርብ ነው፤ ፈረመች። እናም ስድስተኛው አለፈ። ብሪታ የምትባል፣ አዲሱ ረጂ የላካት ሴት ከባሕር ማዶ ሰሜን አገር መጥታ ቤቱን በዓይኗ ልታይ ሆነ። ሰኞ ጠዋት ትመጣለች፤ ማክሰኞ ትመለሳለች።

እሑድ ዕለት ጋሽ ገረመው ዳኛ እብሬ ዘንድ ሄደው፣ ነገ አንድም ቃሬዛ መንገድ ላይ እንዳይታይ ብለው ለመኑ። ዳኛ እብሬ ደብተራቸውን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወሩ።

"ምጥ ቀጠሮ ያከብራል እንዴ?" አሉ።

ሰኞ አራት ሰዓት ተባለ፤ ብሪታ የለችም። አምስት ሆነ፤ የለችም። ሌሊቱን የበልግ ዝናብ ጥሎ ነበርና ጭልቃ ሳይሞላ አልቀረም ተባለ። ስልኩም አልሠራ አለ። ሉባባ አዲሱን ጋውን ለብሳ፣ ማመልከቻውን ገጽ ዘጠኝ ላይ ገልጣ፣ "ይህን ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ" እያለች ስታሰላስል፣ ስድስት ሰዓት ላይ ጉንጯን ወረቀቱ ላይ ጣል አደረገችና ተኛች።

በሕልሟ በሩ ተንኳኳ። ከፈተችው። ከበሩ እስከ ወንዙ ድረስ ፈረንጅ ተሰልፏል።

ሁሉም ቡናማ ፖስታ ይዘዋል። ፀሐዩ አናታቸው ላይ ነው። አንዳንዶቹ ድንጋይ ወረፋ አስይዘው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ጋሽ ገረመው መስኮቱ ላይ ከራባት አድርገው ቆመዋል።

"ግፊያ የለም። ፎቶግራፍ ሁለት፣ ማመልከቻ በሦስት ቅጂ፣ በአማርኛ፣ በእጅ የተጻፈ። የቀበሌ ማኅተም የሌለው አይሰለፍ" ይላሉ።

ሉባባ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ አንድ ጅብ መነጽር አድርጎ መጣ፤ አማካሪ ነው ተባለች። በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለውን ጅብ ሁላችንም እናውቀዋለን። ይኼኛው ግን የሚያውቁት አገር ነበርና ቁርበት ሲነጠፍለት አይሆንም ብሎ በርጩማ ላይ ቁጭ አለ። ደህና አደራችሁ አለ፤ ደህና አለች። በሕልም ማን ይደነግጣል።

የመጀመሪያዋ ባለጉዳይ ገባች። ዣንጥላዋን በር ላይ ትታ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ እጅ ነሳች።

"ስምሽ?"

"ብሪታ።"

"ከየት ነው የመጣሽው?"

"ከባሕር ማዶ። ችግረኞች ነን።"

"ምን ጎደላችሁ?"

"ጠያቂ" አለች ብሪታ፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። "አገራችን ሆስፒታል አለ። መድኃኒቱም አለ። መሣሪያው አንጀት ሳይቀር ያሳያል። ሰው ሲታመም ግን የሚጠይቀው የለም። ዘጠኝ ፎቅ ሙሉ በሽተኛ ተኝቶ፣ ሁለት ብርቱካን በፌስታል የያዘ ሰው በበሩ አይገባም።"

ሉባባ አዘነችላት። ግን ሥራ ሥራ ነውና እስክሪብቶዋን አነሳች።

"ስንት ጠያቂ ነው ያመለከታችሁት?"

"ሁለት መቶ። አልጋ ዳር ተቀምጠው ወሬ ማብዛት የሚችሉ። ሐኪሙ ውጡ ሲላቸው የማይወጡ።"

ጅቡ ጉሮሮውን ጠራረገ። "የፕሮጀክቱ ሦስት ዓመት አልቆ ጠያቂዎቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱስ እንዴት ልትቀጥሉ ነው?"

"ራሳችን መጠየቅ እንማራለን።"

"በምን ይለካል?"

"በብርቱካን ልጣጭ።"

ጅቡ ጻፈ። ሉባባ ወረቀቱን አገላበጠች። "የቀበሌ ማኅተም የለውም እኮ ይሄ።"

"ሦስት ጊዜ ሄድኩ" አለች ብሪታ። "ሊቀ መንበሩ ስብሰባ ላይ ናቸው አሉኝ።"

ሉባባ ይህን ስትነግረኝ ደስታዋን አልደበቀችኝም። አራት ጊዜ የተላከላትን ደብዳቤ በቃሏ ይዛዋለች፤ "ማመልከቻችሁን በታላቅ አክብሮት ተመልክተነዋል፤ ሆኖም ዘንድሮ ያመለከቱት እጅግ ብዙ በመሆናቸው" የሚለውን። አሁን በተራዋ ልትለው ነው። አፏን ከፈተች። ምላሷ ላይ ደረሰ፤ አልወጣ አለ። እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ውስጥ ተሰነቀረ። ውሃ ጠጣችበት፤ አልወረደም።

"ወደ ገማጋሚዎቹ ይለፍ" አለች ሲቸግራት።

ገማጋሚዎቹ ሜዳው ላይ ነበሩ። የማረፊያ ቤቱ ስድስት ነፍሰ ጡሮች አልጋቸውን አስወጥተው፣ ቆሎ እየበሉ፣ ሬዲዮ እየሰሙ ተጋድመዋል። ድምፅ የሚሰጡት እነሱ አይደሉም፤ ሆዳቸው ውስጥ ያሉት ናቸው። ጅቡ የብሪታን ማመልከቻ ጮክ ብሎ አነበበ። የመጀመሪያዋ ሆድ ተራገጠ። የሁለተኛዋም ተራገጠ። የአራተኛዋ መንታ ስለሆነ ሁለት ጊዜ ተራገጠና ጋሽ ገረመው አንዱን ሰረዙት። ስድስቱም ተራገጡ።

"ጸድቋል" አሉ ጋሽ ገረመው።

"ቆይ" አለ ጅቡ። "አልጋው ስድስት ነው። ገማጋሚ ግን ሰባት መሆን ነበረበት። ሰባተኛዋ የት አለች?"

ከስድስቱ አልጋ ቀጥሎ አንድ ባዶ ቦታ ነበር፤ ሣሩ ሰው እንደተኛበት ተነጥፏል። ሉባባ አየችው። ማን እንደሆነች ታውቃለች። ባለፈው ዓርብ ሰዓዳ የምትባል የላይ አምባ ሴት ሆዷ ገፍቶ መጥታ ነበር፤ የአራት ሰዓት መንገድ በእግሯ። ሉባባ መረመረቻትና "ገና ሳምንት ይቀርሻል፤ አልጋ ሞልቷል፤ ቤትሽ ቆይተሽ ተመለሺ" ብላ ሰደደቻት። ሰዓዳ እሺ ብላ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ አመስግና ሄደች። ማመስገኗ ነው ሉባባን ሦስት ቀን እንቅልፍ የነሳት።

"አልጋ አልነበረም" አለችው ለጅቡ።

ጅቡ ይህንንም ጻፈ።

ከዚያ ሜዳው የለም፤ ሉባባ ባሕር ማዶ ደርሳለች። በምን እንደሄደች አታውቅም። በረዶ እየዘነበ ነው፤ ግን ይሞቃል። ሁለት መቶ የጎሽ ሜዳ ሰው በብርቱካን ፌስታል ተጭኖ ከኋላዋ ተሰልፏል። የሰፈሩ ሕፃናት "ሐበሻ፣ ሐበሻ" እያሉ እየሮጡ መጡ። አንዷ የነጠላዋን ጥለት ትነካለች፤ ሌላው እስክሪብቶ ስጪኝ ይላል። ጸጉራቸው ገብስ የመሰለ ሽማግሌዎች ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ። ለባለሙያዋ ለሉባባ ነጭ መኪና ቀረበ፤ የታሸገ ውሃ ቀረበ፤ ውሃችንን አትጠጪ ሆድሽን ያምሻል አሏት።

ዘጠኝ ፎቅ ወጡ። አንድ ትልቅ ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ጠያቂዎቹ ገቡ። ወንበር አነሰ፤ አልጋው ላይ ተቀመጡ። አንዱ ስለ ሞተ በሬው ማውራት ጀመረ። አንዷ ስለ ምራቷ ጀመረች። ሌላዋ "እንዲህ ያለ ሕመም የያዘው ያጎቴ ልጅ በሦስተኛው ቀን ሞተ" አለች፤ ይቺ በየጠያቂው መሃል አትጠፋም። ሰውየው ቀስ ብሎ ዞረ። ብርቱካን ተላጠለት። በላ። "በሬው በምን ሞተ?" ብሎ ጠየቀ።

ከመተላለፊያው ጭብጨባ ተሰማ። ልጣጩን ብሪታ ሰብስባ ለማስረጃ በፖስታ አሸገችው። የሉባባ ሆድ በደስታ ሞላ። እንዲህ ያለ ሥራ እስከ ዛሬ አልሠራሁም አለች በልቧ።

በዚህ መሃል ከታች፣ ከመንገዱ፣ "ትከሻ" የሚል ድምፅ መጣ።

ሉባባ በመስኮቱ አየች። ማረፊያ ቤቷ በቃሬዛ ላይ ሆኖ ይመጣል። ከነቆርቆሮው፣ ከነምድጃው፣ ከነሬዲዮው። የተሸከሙት እነዚያ ፖስታ ይዘው የተሰለፉት ፈረንጆች ናቸው። ስድስቱ ሴቶች በመስኮት ብቅ ብለው "ቀስ፣ ሻዩ ይፈስሳል" ይላሉ። ከፊታቸው ጭልቃ ወንዝ፣ በረዷማው ከተማ መሃል ለመሃል፣ ደፍርሶ ሞልቶ ይወርዳል። ሰኔ ሳይገባ ቤቱን ማሻገር አለባቸው። ይህን ማንም አልነገራትም፤ አወቀችው።

ጋሽ ገረመው ጣራው ላይ ቆመው ማመልከቻውን ያነባሉ። ደህና ያነቡ ነበር። ገጽ ዘጠኝ ላይ ደርሰው "በቃሬዛ መጓጓዝ ሙሉ በሙሉ ቀርቷል" ሲሉ፣ ከሥር ያለው እንጨት ጎበጠ። ሸካሚዎቹ ተንበረከኩ። ቤቱ አፋፉ ላይ አዘነበለ።

"ጋሽ ገረመው፣ ይህን አያንብቡ" አለች ሉባባ።

"የተጻፈ እኮ ነው ሲስተር። ፈርመሽበታል" አሉና ደገሙት። ቤቱ ይብስ ከበደ።

ሉባባ ዘጠኙን ፎቅ እየሮጠች ወረደች። ደጁ ላይ ጅቡ ቆሟል።

"ባለሙያ አይሸከምም" አለ በትሕትና። "ለባለሙያ የሚፈቀደው ምክር ብቻ ነው።"

"እኔ የጎሽ ሜዳ ልጅ ነኝ፤ ቃሬዛ ቆሜ አላይም" አለችው። ገፍታው አለፈች። ከብሪታ ጎን ገባች፤ ትከሻዋን ከእንጨቱ ሥር አደረገች። ክብደቱ አጥንቷ ድረስ ተሰማት። ልክ ብድግ ሲል፣ ከቤቱ ውስጥ፣ ከስድስቱ ሴቶች ኋላ፣ ቀጭን ድምፅ መጣ።

"ሲስተር፣ አልጋ ተገኘ ወይ?"

የሰዓዳ ድምፅ ነው። ሉባባ "ተገኝቷል" ልትል አፏን ከፈተች። ወንዙ እግሯን ነካት። "ትከሻ" አለ አንድ ሰው፤ "ትከሻ" አለ እንደገና፤ በጣም ቀረበ።

ነቃች። ጉንጯ ላይ ገጽ ዘጠኝ ተጣብቋል። "ትከሻ" የሚለው ድምፅ ግን አልቆመም። ከመስኮቷ ውጭ ነው።

ሉባባ ብድግ ብላ አየች። እኔም በመስኮቴ አየሁ። ከላይኛው መንገድ ቃሬዛ ይወርዳል። ከኋላው ጭቃ የነካው ሰው ሁሉ ይከተላል። ፊት ለፊት ሁለት የላይ አምባ ጎልማሶች ናቸው። ከኋላ በስተቀኝ የከተማችን ጸጉር አስተካካይ ዘውዱ ነው። ከኋላ በስተግራ፣ ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ጠቅልላ፣ አንድ ጫማ ብቻ አድርጋ፣ ፊቷ በርበሬ መስሎ፣ ነጭ ሴት ተሸክማለች።

"አሁንም ተኝቻለሁ" አለች ሉባባ ለራሷ።

ጋሽ ገረመው በሩን በርግደው ገቡ። "ሲስተር፣ አለቀልን። ብሪታ ናት። መኪናዋ ጭልቃ ላይ ተቀርቅሮ በእግሯ ስትመጣ ቃሬዛው አገኛት። ዳኛ እብሬ እንደ ማንም ሰው አስገቧት። ገጽ ዘጠኝ፣ ሲስተር፣ ገጽ ዘጠኝ..."

ከቃሬዛው ላይ ጩኸት መጣ። ሉባባ ድምፁን አወቀችው። ገጽ ዘጠኝን ከጉንጯ ላይ ነቅላ ጣለችና እጇን ልትታጠብ ሮጠች።

ሰዓዳ ስምንት ሰዓት ላይ ወለደች፤ ሴት ልጅ። የሕፃኗ እጅ ቀድሞ መጥቶ ነበር፤ ሉባባ አዞራ፣ ለምና፣ ተቆጥታ አወጣቻት። ግማሽ ሰዓት ቢዘገዩ ኖሮ ይህን የማወራላችሁ በሌላ አፍ ነበር። ልጅቷ ግን አለቀሰች፤ እናቲቱም አጥሚት ጠጣች። አልጋ ስለሌለ ሉባባ የምርመራ ክፍሉ መሬት ላይ ፍራሽ አነጠፈችላት። ሰዓዳ አሁንም አመሰገነች።

ሉባባ ላቧን እየጠረገች ስትወጣ ብሪታ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ሸሚዟን ከትከሻዋ ገለጥ አድርጋ የቀላውን ቦታ ታሻለች። ጋሽ ገረመው አጠገቧ ቆመው ይቁለጨለጫሉ። ብሪታ አንድ ነገር ጠየቀች።

"ለምን እዚህ መጥታ አልጠበቀችም ትላለች" አሉ ጋሽ ገረመው።

"መጥታ ነበር" አለች ሉባባ። "አልጋ አልነበረም። የመለስኳት እኔ ነኝ።"

የጋሽ ገረመው ዓይን የሚያምር ነገር ሲፈልግ ታየ።

"እንዳልኩት ይበሉልኝ" አለች ሉባባ።

እንዳለችው አሉላት። ብሪታ ከቦርሳዋ የራሰውን ማመልከቻ አወጣች፤ ገጽ ዘጠኝን ገልጣ ጣቷን አንድ መስመር ላይ አኖረች። ጋሽ ገረመው ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ውሸት ነው" አሏት በእንግሊዝኛ፤ ከዚያ ለኛም በአማርኛ ደገሙት። ሉባባ "ፈራሚዋ እኔ ነኝ" አለች። ከማረፊያ ቤቱ ሬዲዮው ብቻ ይሰማል። ሁላችንም ሰኔን አሰብን።

ዳኛ እብሬ በዚህ መሃል ከዛፉ ሥር ተነስተው መጡ። ደብተራቸውን ከብብታቸው አወጡ፤ እስክሪብቶውን ምላሳቸው ላይ አስነኩ።

"ስሟ ማነው? የተሸከመ አባል ነው፤ ደንብ ነው። ከወንዙ ጀምራ ተሸክማለች፤ ሦስት ጊዜ ትከሻ ልንቀበላት ስንል እምቢ ብላለች። ንገሯት፤ ቀጣይ ተራዋ ሐሙስ ነው። ከቀረች ቅጣት አለ።"

ጋሽ ገረመው ወደ ሉባባ አዩ። ሉባባ ራሷን ነቀነቀች። ተረጎሙት፤ ቅጣቱንም ጨምረው። ብሪታ ማክሰኞ ነው የምትመለሰው፤ ሁላችንም እናውቃለን። ስልኳን አውጥታ ቀኑን ፈለገች።

"ሐሙስ በስንት ሰዓት?"

"ምጥ ቀጠሮ ያከብራል እንዴ?" አሉ ዳኛ እብሬ ስሟን እየጻፉ። "እዚሁ ትጠብቅ።"

"የት ትጠብቅ ዳኛ?" አለች ሉባባ። "አልጋ እኮ የለም።"

ጋሽ ገረመው ይህንንም፣ አንድ ቃል ሳያሳምሩ፣ ተረጎሙላት። ብሪታ ወደ ማረፊያ ቤቱ መስኮት አየች፤ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ቆጠረች። ከዚያ የዳኛ እብሬን እስክሪብቶ ለመነች፤ ገጽ ዘጠኝን አልፋ፣ የተጠየቀው እርዳታ በተዘረዘረበት ገጽ አሥር ላይ፣ "ስድስት አልጋ" የሚለውን ሰርዛ፣ "ሰባት" ብላ ጻፈች።